ጓሮ መቆፈርም ሥራ ነው፤ ይቆጠርልን

 

ባለፈው እሁድ ስብሰባችን ላይ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ክርክሩ የጦፈው ገና ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ነው። አንዲት እኅታችን በሳምንት ሁለት ቀን የምታጸዳበት ቤት ስትደርስ ማዳሟ አዲስ አካፋ ገዝታ በር ላይ አቁማ ጠበቀቻት። "ጽዳቱን ስትጨርሺ ከቤቱ ጀርባ ያለችውን ጅነይኔ ትንሽ ትቆፍሪልኛለሽ፤ ቲማቲም ልተክል ነው" አለቻት። ያ "ትንሽ" የተባለው ሦስት ሰዓት ፈጀ። የተከፈላት ግን እንደ ወትሮው የጽዳቱ ብቻ ነው። ማታ ናባዓ ስትገባ መዳፏ ውኃ ቋጥሮ ነበር፤ የቤቷን ደረጃ ግድግዳ ተደግፋ ነው የወጣችው።

ይህን ስትናገር ግማሾቻችን ሳቅን። "ኧረ ባክሽ፣ እኛ የገበሬ ልጆች አይደለንም እንዴ? አፈር መንካት ምን አለው?" ያለች ነበረች። አንዷ ታላቃችን ደግሞ በቁም ነገር፣ "ተይ ልጄ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ። የጓሮውን ገንዘብ ስትጠይቂ የጽዳቱንም ታጪዋለሽ" አለች። ሰዓቱ ስለደረሰ ነገሩ ሳይቋጭ ተበተንን። እኔን ግን ቤቴ ገብቼም አልተወኝም። የማስበውን ልጻፈው ብዬ ነው ዛሬ ብዕር ያነሣሁት።

የማስበው ይኸው ነው። ጓሮ መቆፈር፣ መኮትኮት፣ ማረም፣ ማጠጣት፣ መግረዝ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከጽዳት ጋር በነጻ የሚጨመር ምራቂ አይደለም። ሰዓቱ ተቆጥሮ፣ ዋጋው አስቀድሞ ተነግሮ መሠራት አለበት። ይህን ደግሞ አንድ ላይ ሆነን ካልተናገርነው ማንም አይናገርልንም።

አካፋው ራሱ ነገረኝ

ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ አይደለም። ከ2017 እስከ 2021 ድረስ ተራራው ላይ፣ ከቤይሩት አንድ ሰዓት በሚያስኬድ መንደር ኮንትራት ሠራተኛ ነበርኩ። ስመጣ የተነገረኝ ቤት ማጽዳት፣ ምግብ ማብሰልና ሁለት ልጆች መጠበቅ ነው። ቤቱ ከፊትም ከኋላም ጓሮ ነበረው። በድንጋይ በተካበ እርከን ላይ ወይራ፣ በለስ፣ ሎሚ፣ የወይን ሐረግና ጽጌረዳ ነበር። የጓሮውን ሥራ ግን አንድ ሶርያዊ ሰውዬ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ ይሠራ ነበር። በቀን ታስቦ ይከፈለዋል። ቡና አፍልቼ የምሰጠው እኔ ነበርኩ።

በ2019 መጨረሻ ባንኮቹ የሰውን ገንዘብ ያዙ። ለብዙ ዓመት በ1,500 ሊራ ገደማ ሲመነዘር የነበረው ዶላር በየሳምንቱ ይሰቀል ጀመር። የእኔም ደሞዝ መጀመሪያ ዘገየ፣ ቀጥሎ በሊራ ሆነ። በ2020 መጀመሪያ ላይ ሰውዬው መምጣት አቆመ። በማግሥቱ ጠዋት አካፋውና መኮትኮቻው ከዕቃ ቤት ወጥተው የማድ ቤቱ በር ላይ ተደግፈው አገኘኋቸው። ማንም ምንም አላለኝም። አካፋው ራሱ ነገረኝ።

ከዚያ ወዲህ ዓመቱን የምቆጥረው በጓሮው ሥራ ሆነ። እዚህ አገር ዝናቡ የሚወርደው ብርዱ ጊዜ ነው፤ ከጥቅምትና ኅዳር ገደማ እስከ ሚያዝያ። እኛ ክረምት በምንለው በሐምሌና በነሐሴ ጠብታ የለም። የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ሲያረጥበው የወይራውን ሥር ዙሪያውን እቆፍራለሁ። ወይራው ሲደርስ ጨርቅ አንጥፎ መልቀም፣ ከዚያ ቅጠሉን ከፍሬው መለየት አለ። በጥርና በየካቲት የወይን ሐረጉንና ጽጌረዳውን መግረዝ ነው፤ የጽጌረዳ እሾኽ ቀጭን ጓንት አያቆመውም። በመጋቢት ፍጉን በጆንያ ከመኪናው አውርዶ፣ ተሸክሞ እርከኑ ላይ ማውጣት፣ መሬቱን ገልብጦ መደብ ማውጣት፣ ችግኝ መትከል። ያን ዓመት ሁሉም ነገር ስለተወደደ ማዳሜ አበባውን አስነቅላ ግማሹን ቲማቲም፣ ኪያርና ፎሶሊያ አስተከለችኝ። ከግንቦት ጀምሮ ደግሞ ውኃ ማጠጣት ነው፣ ጠዋትና ማታ። መብራት ስለማይኖር ፓምፑ አይሠራም፤ ከታች ካለው በርሜል በባልዲ ነበር የማወጣው። አንዱ መደብ ስድስት ባልዲ ይጠጣል። መደቡ ስምንት ነበር። እስቲ አስሉት።

ስለዚህ ጎሕ ሳይቀድ እነሣለሁ። ልጆቹ እስኪነቁ አጠጣለሁ። ከዚያ ቁርስ፣ ጽዳት፣ ምሳ፣ ልብስ፤ ማታ የእራቱን ዕቃ አጥቤ ደግሞ ባልዲዬን ይዤ እወጣለሁ። ከቤቱ ሥራ አንድም አልተቀነሰልኝም። የሰውዬው ገንዘብም ወደ እኔ አልመጣም። መሬቱ ያው፣ አካፋው ያው፣ ጉድጓዱ ያው። እሱ ሲቆፍር ሥራ ነበር፤ እኔ ስቆፍር "እግረ መንገድሽን" ሆነ። እስከ ዛሬ ያልተዋጠልኝ ይኼ ነው። ሰውዬውም ምስኪን እንጀራውን አጣ። እኔ ዝም ብዬ በነጻ ስሠራ የእሱ ሥራ በዚያው ቀረ፤ ተመልሶ የሚጠራው ማን ነው?

"አንቺ እኮ ጓሮ ትወጃለሽ"

አሁን አንድ እውነት ልናገር፣ ምክንያቱም ይህን ካልተናገርኩ "በይ ተይ፣ አንቺ ራስሽ ስትወጂው አልነበረም?" የምትለኝ አትጠፋም። አዎ፣ እወደው ነበር። ያ ጓሮ ባይኖር ኖሮ አብድ ነበር።

የውጭው በር ቁልፍ ሚስተሩ ኪስ ውስጥ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ብቻዬን ከግቢው ወጥቼ አላውቅም። ሰማይ የማየው፣ እግሬ መሬት የሚረግጠው እዚያ ብቻ ነበር። አፈሩ መጀመሪያ ዝናብ ሲነካው የሚሸተውን ሽታ ስታሸቱ ወዴት እንደምትሄዱ ታውቁታላችሁ። እኔ ወሎ እናቴ ጓሮ እሄድ ነበር። እኛ ቤት ሞፈርና ቀንበር የአባቴ ነው፤ ጓሮው ግን የእናቴ። ጎመኑ፣ ዱባው፣ ቃሪያው፣ ጌሾው፣ በሶብላው፣ ጤና አዳሙ የእሷ ነው። ጌሾ ሸጣ ደብተር ገዝታልኛለች። መኮትኮቻ መያዝ ያስተማረችኝም እሷ ናት።

ሌላም ነገር አለ። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት ሠራተኛ ነበረች፣ የእኛው አገር ልጅ። ዛዕተር እየቀጠፍን በሹክሹክታ እናወራ ነበር። ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋ ድንጋይ ላይ ጠቅልላ የወረወረችልኝ በዚያ አጥር በኩል ነው። ናባዓ የሚባል ሰፈር እንዳለ፣ እዚያ እንጀራ እንደሚሸጥ፣ ሐበሻ እንደሚሰበሰብ የሰማሁት ከእሷ ነው። ዛሬ እናንተ መካከል የተቀመጥኩት በዚያ ጓሮ ምክንያት ነው ብል አልዋሸሁም።

ማዳሜም ይህን ታውቅ ነበር። ወገቤን ስይዝ ስታየኝ፣ "አንቺ እኮ ጓሮ ትወጃለሽ" ትለኛለች። እኔም አፍሬ ዝም እላለሁ። ዛሬ ሳስበው ግን መውደድና ደሞዝ ምን አገናኛቸው? ልጅ የምታሳድግ ሞግዚት ልጁን ትወደዋለች፤ ስለምትወደው አይከፈላትም የሚል የለም። ምግብ ማብሰል የሚወድ ሼፍ በነጻ አይሠራም። ንጹሕ አየር ማግኘት ደግሞ የሳምንት ዕረፍታችን ነው እንጂ የቁፋሮ ክፍያ አይደለም። በር ተቆልፎብን መተንፈሻችን ጓሮው ብቻ ከሆነ፣ ጥፋቱ ከቁልፉ ነው። ለመተንፈስ ብለን አርባ ስምንት ባልዲ ውኃ መሸከም አልነበረብንም።

በ2024 መስከረም ጦርነቱ ሲበረታ ብዙ ቤተሰቦች ሠራተኞቻቸውን ጥለው መሸሻቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ስንቶቹን ተቀብለን ፍራሽ አንጥፈናል። ከደቡብ የመጣች አንዲት ልጅ የነገረችኝ ከአእምሮዬ አይጠፋም። አሠሪዎቿ መኪና ውስጥ ገብተው መስኮት ዝቅ አድርገው የነገሯት የመጨረሻ ቃል፣ "አትክልቱን ማጠጣት እንዳትረሺ" የሚል ነበር። ሰማዩ ላይ አውሮፕላን እያጓራ ሁለት ቀን አጠጣች። በሦስተኛው ቀን በእግሯ ወጣች። አትክልቱ የሚያስፈልገውን ሁሉ አስበውለት ነበር። ለእሷ ግን የታክሲ እንኳ አልተዉላትም።

ሕጉ ምን ይላል?

በስብሰባው ላይ "ሕጉ ይከለክላል ወይስ ይፈቅዳል?" ብላችሁ ነበር። የማውቀውን ላካፍላችሁ።

የሊባኖስ የሥራ ሕግ የወጣው በ1946 ነው። የዚህ ሕግ አንቀጽ 7 ሕጉ የማይመለከታቸውን ሠራተኞች ይዘረዝራል። መጀመሪያ ላይ ያሉት በግለሰብ ቤት የሚሠሩ የቤት ሠራተኞች ናቸው። ቀጥሎ የሚመጣው የእርሻ ሥራ ነው። አያችሁ? ቤት ውስጥ ስናጸዳም ከሕጉ ውጪ ነን፣ አፈር ስንቆፍርም ከሕጉ ውጪ። ሁለቱንም በአንድ ቀን የምትሠራ ሴት ከሁለቱም በር ውጪ ቆማለች።

በ2009 የሥራ ሚኒስቴር ለሁሉም አንድ የሆነ ኮንትራት አወጣ። ብዙዎቻችን በማናነበው በዓረብኛ፣ ኖተር ፊት የፈረምነው ማለት ነው። ያ ኮንትራት የሥራ ሰዓት በቀን ከአሥር ሰዓት አይብለጥ፣ ሌሊት ሳይቋረጥ ስምንት ሰዓት ዕረፍት ይኑር፣ በሳምንት 24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጥ ይላል። ከአሠሪው መኖሪያ ቤት ሌላ ቦታ ወስዶ ማሠራትም ይከለክላል። ስለዚህ "የወንድሜን ጓሮ ሄደሽ ቆፍሪ"፣ "የእናቴን ወይራ ልቀሚ" የሚባለው ከኮንትራቱ ውጪ ነው። የራሳቸውንም ቢሆን የቆፈርሽበት ሰዓት ከአሥሩ ሰዓት ውስጥ ነው የሚቆጠረው፤ ከላይ የሚደረብ አይደለም።

በመስከረም 2020 ደግሞ የተሻለ ኮንትራት ወጥቶ ነበር። በሳምንት 48 ሰዓት፣ ለትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ዝቅተኛ ደሞዝ የሚል። ደስታችን ግን ብዙ አልቆየም፤ የኤጀንሲዎቹ ማኅበር ከስሶ በጥቅምት የመንግሥት ሹራ ምክር ቤት አገደው። ከዚያ በፊት፣ በጥር 2015፣ እዚሁ ቤይሩት የቤት ሠራተኞች ሠራተኛ ማኅበር ሲመሠረት የሥራ ሚኒስቴር ዕውቅና ነፍጎታል። ስለዚህ ሕግ መጥቶ ያድነናል ብለን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም።

አንዳንድ ማዳሞች "ጓሮም የቤት ሥራ ነው፣ በዓለምም እንደዚያ ነው" ይላሉ። እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አላቸው። የዓለም የሥራ ድርጅት ሰኔ 16 ቀን 2011 ስለ ቤት ሠራተኞች ያጸደቀው ስምምነት፣ ቁጥር 189 የሚባለው፣ በቤት ውስጥ ወይም ለቤት የሚሠራን ሥራ ሁሉ የቤት ሥራ ይለዋል። ድርጅቱ ምግብ የምታበስለዋን፣ ሞግዚቷን፣ አትክልተኛውን፣ ዘበኛውን፣ የቤት ሾፌሩን በዚህ ውስጥ ይቆጥራቸዋል። ሊባኖስ ይህን ስምምነት አላጸደቀችም። ግን እስቲ አስተውሉ፤ አትክልተኛም የቤት ሠራተኛ ነው አለ እንጂ፣ አንዲት ሴት በአንድ ደሞዝ አትክልተኛም ሞግዚትም ወጥ ቤትም ትሁን አላለም። አዲስ አበባ ትልልቅ ግቢ ያላቸው ቤቶችን ታውቋቸዋላችሁ። ወጥ ቤቷ ለብቻ፣ ሞግዚቷ ለብቻ፣ አትክልተኛው ለብቻ ነው። አትክልተኛው "ና ወጥ ሥራ" ቢባል ይስቃል።

ሥራውን ያጣሁት በማን ነው?

አሁን ወደ ታላቃችን ሥጋት ልመለስ። ሥጋቷ እውነት ነው፣ አላቃልለውም። እኔም ደርሶብኛል።

ከዚያ ቤት ከወጣሁ በኋላ ፍሪላንስ ስሠራ አንዷ ማዳም ልክ እንደ ሰሞኑ አካፋ አስያዘችኝ። እኔም "ጽዳቱ ሌላ፣ ጓሮው ሌላ ነው፣ ሰዓቱን አስቢልኝ" አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። በሚቀጥለው ሳምንት "አትምጪ" የሚል መልእክት ላከችልኝ። ያን ቤት አጣሁ። የቤት ኪራይ መክፈያዬ ነበር፣ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም።

ቆይቶ ግን ማን እንደተተካችብኝ ሰማሁ። የእኛው ልጅ ናት። ጓሮውንም ጭምር፣ በእኔ የጽዳት ዋጋ። አልፈርድባትም፤ የታመመ አባት አላት፣ ኢቃማዋ አልቋል፣ ማንም ቢጠራት ትሄዳለች። እሷ የእኔን ዋጋ አታውቅም፣ እኔም የእሷን አላውቅም። ማዳሟ ግን የሁለታችንንም ታውቃለች። የተሸነፍነው እዚያ ላይ ነው።

በሌላ ቤት ደግሞ ያንኑ ቃል ተናግሬ ማዳሟ፣ "እንዴ፣ አዎ፣ ሰውም ባመጣ እከፍለው ነበር" ብላ ወዲያው ተስማማች። እስከ ዛሬ አለሁ። ሰው ሁሉ አንድ አይደለም። ብዙዎቹ የማይከፍሉን ክፉ ስለሆኑ ሳይሆን ማንም ጠይቋቸው ስለማያውቅ ነው።

"ዝም አይነቅዝም" ይባላል አገራችን። ዝም ያልኩባቸውን ዓመታት ግን ወገቤ እስከ ዛሬ ይቆጥራቸዋል። ደረጃ ስወጣ፣ ፍራሽ ሳነሣ፣ ጠዋት ጫማ ሳስር።

ምን እናድርግ ነው የምለው?

ለስብሰባችን የማቀርበው አራት ነገር ነው። ከባድ አይደለም።

አንደኛ፣ ሥራ ከመጀመራችን በፊት እንናገር። አካፋ ከተያዘ በኋላ መከራከር ከባድ ነው። አዲስ ቤት ስንገባ መጀመሪያውኑ "ጅነይኔ አላችሁ ወይ? ማን ነው የሚሠራው?" ብለን እንጠይቅ። ለመናገር የሚከብዳችሁ ይህችን ዓረብኛ ያዙ፤ "ተንዲፍ ሺ፣ ጅነይኔ ሺ ቴኔ"። ጽዳት አንድ ነገር ነው፣ ጓሮ ሌላ ነገር ነው ማለት ነው። በፈገግታ ተናገሩት፣ ጠብ አያስፈልገውም።

ሁለተኛ፣ አንድ ዋጋ ይኑረን። የእኔ ሐሳብ የጓሮ አንድ ሰዓት የጽዳት አንድ ሰዓት ዋጋ ከነግማሹ ይሁን ነው፤ ይበልጥ ያደክማላ። እናንተ ሌላ ካላችሁ እንነጋገር። ዋናው ከተስማማንበት በታች ማናችንም እንዳንወርድ ነው። አንዷ ቤት ብታጣ ደግሞ እስክታገኝ ከማኅበራችን ሣጥን የምንደግፋት ከሆነ ብቻ ነው ይህ ቃል የሚጸናው። ባዶ ሆዷን "አትሂጂ" ብንላት አትሰማንም፣ ልክም አይደለንም።

ሦስተኛ፣ ኮንትራት ላይ ላሉ፣ በር ለተቆለፈባቸው እኅቶች። እነሱ እንደ እኛ ዋጋ መጥራት አይችሉም፣ አውቃለሁ። ግን ደብተር ይያዙ። ቀኑን፣ ስንት ሰዓት እንደቆፈሩ፣ የማን ጓሮ እንደሆነ በአማርኛ ይጻፉ። ኮንትራት ሲታደስ መናገሪያው ጊዜ ያ ነው፤ ያኔ ማዳሟ ትፈልጋታለች። "በዚህ ዓመት ይህን ያህል ሰዓት ጓሮ ሠርቻለሁ" ብላ ደብተሯን ብታወጣ፣ ባዶ እጇን "ብዙ ሠራሁ" ከማለት ይሻላል። የምታውቋቸው ካሉ ይህን ንገሩልኝ።

አራተኛ፣ መድኃኒት አንረጭም። ለተባይ የሚረጨውን ነው የምለው። እኔ ስም በሌለው የውኃ ላስቲክ ተሰጥቶኝ ያለ ጓንት፣ ያለ ማስክ ረጭቼ ሌሊቱን ሳስታውክ አድሬያለሁ። ምን እንደሆነ የማታውቁትን፣ ጽሑፍ የሌለበትን አትንኩ። ይህ በገንዘብም የሚሸጥ አይደለም።

መሥራት ግድ ሲሆን ደግሞ ሰውነታችሁን ጠብቁ። ደረቅ መሬት አትታገሉ፤ ማታ ውኃ አጠጥታችሁ ጠዋት ቆፍሩ፣ በግማሽ ጉልበት ይለቃል። አካፋውን በእግራችሁ ክብደት አስገቡት እንጂ በወገባችሁ አትግፉት። አፈር ስታዞሩ መላ ሰውነታችሁን ከነእግራችሁ አዙሩ። ፍግ በአንድ ጊዜ ሙሉ ጆንያ አትሸከሙ። ሐምሌና ነሐሴ እኩለ ቀን ላይ አትቆፍሩ፤ "ጸሐይ አለ፣ ማታ እሠራዋለሁ" ማለት ነውር የለውም። ዝግ ጫማ አድርጉ፣ በነጠላ ጫማ አይሆንም። ድንጋይ ስታነሡ ጊንጥና እባብ አለ። እሾኽ ወይም የዛገ ብረት ከወጋችሁ ወዲያው በሳሙና ታጥባችሁ ሙስተውሰፍ ሄዳችሁ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ጠይቁ፤ ከአፈር የሚመጣ ነው፣ ይገድላል።

ጣሪያው ላይ

በመጨረሻ፣ ጓሮ ጠላሁ እንዳትሉኝ። ናባዓ ማለት ምንጭ ማለት ነው አሉ፤ ምንጩን ግን ያየሁት የለም፣ ውኃችን በሲተርን ነው የሚመጣው። ቤቶቻችን እንደምታውቋቸው ናቸው። መስኮት ስንከፍት የጎረቤት መስኮት፣ ቀና ስንል የመብራት ሽቦ። የምንኖርበት ሕንፃ ጣሪያ ላይ ግን ከውኃ ታንከሩ አጠገብ ባለቤቱ ትንሽ ቦታ ፈቅዶልኛል። የዘይት ቆርቆሮ አራት አለኝ። ሥሩን በምስማር በስቼ አፈር ሞላሁበት። አንዱ ላይ ጎመን፣ አንዱ ላይ ቃሪያ፣ አንዱ ላይ በሶብላ፣ አንዱ ላይ ጤና አዳም። ባለፈው እሁድ ቡናችሁ ላይ የነበረችው ጤና አዳም ከዚያ የተቀነጠበች ናት።

እሷን ሳጠጣ ሰዓት አልቆጥርም፣ ማንንም ገንዘብ አልጠይቅም። ለራሴና ለእናንተ ነው። "ነገ ለምንሄድበት አገር ምን ተክል ያስተክላል?" ያለችኝ አለች። እኔ ግን አፈር ለራስ መንካት ምን እንደሚመስል ረስቼው ነበር። በቆርቆሮዎቹ ተመለሰልኝ። የእናቴ ጓሮ የእናቴ እንደነበረ ሁሉ፣ ይህ የእኔ ነው። የማዳም ጓሮ ደግሞ የማዳም ነው፤ በነጻ የምንሠራበት ምክንያት የለም።

ታላቃችንን ከልቤ አከብራታለሁ፤ ስብሰባው ላይ ያለችው ከልምድ ነው፣ ለእኛ ከማሰብ ነው። ግን የቆጡን አላወርድም እያልን ስንት ዓመት የብብታችንንም እየተቀማን ኖርን? መጪው እሁድ ይህን ጉዳይ ከቡናው በፊት እናንሣው። አንድ ዋጋ ቆርጠን እንነሣ። ያቺ መዳፏ ውኃ የቋጠረ እኅታችን ማክሰኞ ተመልሳ ወደዚያ ቤት ትሄዳለች፣ አካፋውም በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ምን ብላ እንደምትመልስ እሁድ ይዛ ትሂድ።

ችግኝ የምትፈልጉ ቆርቆሮ ይዛችሁ ኑ፤ ጤና አዳሟ በዝታለች።

እኅታችሁ፣ ከናባዓ